ቀስ ብላ የምትመጣ ኳስ እንዴት ትርቃለች? የስሎው ፒች ሶፍትቦል የምት ስልት

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ የሣር ሜዳ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ተሰባስበን ስሎው ፒች ሶፍትቦል እንጫወታለን። ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያነሣሡኝ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ገበያ አካባቢ ኩንታል ሲያወርድና ሲጭን የሚውል፣ ክንዱ የብዙዎቻችንን ጭን የሚያህል ወዛደር ነው፤ ሌላዋ ቀጠን ያለች የነርሲንግ ተማሪ ናት። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእርሱ ኳስ አርባ ሜትር ሳትሞላ መሬት ትነካ ነበር፤ የእርሷ ግን በሜዳው ጫፍ ያለውን ዋርካ አልፋ ትወድቅ ነበር። የክንድ ጉልበት ብቻውን ርቀትን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ፊዚክስ የማስተምር ሰው እንደ መሆኔ፣ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ አጥርቼ ሳላስረዳ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስቀድም። ሶፍትቦል እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ጆርጅ ሃንኮክ የተባለ ሰው የጀመረው፣ የተወረወረች ኳስ በዱላ ከሚመታበት ከቤዝቦል የወጣ ጨዋታ ነው። ስሙ ለስላሳነትን ቢያመለክትም የዛሬዋ ኳስ ለስላሳ አይደለችም፤ ዙሪያዋ 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ ክብደቷ ከ180 እስከ 200 ግራም የሚጠጋ ጠንካራ ኳስ ናት። ስሎው ፒች (ቀስ ያለ ውርወራ) በሚባለው ዓይነት ወርዋሪው 15 ሜትር ያህል ርቆ ይቆምና እጁን ከታች ወደ ላይ አወዛውዞ ኳሷን ወደ ላይ በቅስት መልክ ይለቃታል፤ ብዙ ደንቦችም ቢያንስ 1.8 ሜትር ያህል ከፍታ ደርሳ እንድትወርድ ያስገድዳሉ። በዚህ ምክንያት ወርዋሪው መቺውን በፍጥነት ሊያሸንፈው አይችልም። ጨዋታውን ቀላል የሚያስመስለው ይህ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ኳሷ ምን ያህል ቀስ ብላ ነው የምትመጣው? ወርዋሪው ከመሬት አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ቢለቃት፣ ሦስት ሜትር ድረስ ወጥታ ብትመለስና ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ላይ መቺው ፊት ብትደርስ፣ በአየር ላይ የምትቆየው 1.3 ሰከንድ ያህል ነው፤ ግማሹ ጊዜ ስትወጣ፣ ግማሹ ስትወርድ ያልፋል። ዱላው ጋ ስትደርስ ፍጥነቷ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ አመጣጧም ከአግድሙ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ያዘቀዘቀ ነው። አንባቢ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ከእነርሱ የሚወጣ ነውና።

ከፍጥነቱ እንጀምር። ኳስና ዱላ ሲጋጩ ኳሷ የምትነሣበት ፍጥነት ከሁለት ምንጮች ይመጣል። በጥሩ ምት ላይ፣ በግምት፣ የዱላው ፍጥነት 1.2 ጊዜ ተባዝቶ፣ ኳሷ ይዛው የመጣችው ፍጥነት አንድ አምስተኛ ሲደመርበት የኳሷ መነሻ ፍጥነት ይገኛል። እንግዲህ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሰነዘር ዱላ በ45 ኪሎ ሜትር የመጣችን ኳስ በ117 ኪሎ ሜትር ይመልሳታል ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ኳሷ ራሷ ያዋጣችው 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በፈጣን ውርወራ የሚጫወት የቤዝቦል መቺ ከወርዋሪው ጉልበት የሚበደረው አለ፤ የስሎው ፒች መቺ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከራሱ ማውጣት አለበት። ዱላውን ከ90 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያሳደገ ሰው ኳሱን ከ117 ወደ 129 ያሳድጋታል፤ ይህም በአየር ላይ አሥር ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ርቀት ይሰጠዋል። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ወደ አንድ ይጠቃለላል፦ ዱላው ኳሷን በሚነካባት ቅጽበት ትልቁን ፍጥነቱን እንዲይዝ ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው መልስ መጠበቅ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው ርቀቱን የሚያጣው እዚሁ ላይ ነውና። ዱላው ከትከሻ ተነሥቶ ኳሷ ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ብዙም አይበልጥም። ኳሷ በአየር ላይ ከምትቆይበት 1.3 ሰከንድ ይህ ሲቀነስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይተርፋል። ያ አንድ ሰከንድ ለመቺው እጅግ ረጅም ነው። ኳሷ ከላይ ስትንሳፈፍ ዓይን ያያታል፣ ልብ ይቸኩላል፣ ሰውነት ሳይታወቀው ወደ ፊት ይንሸራተታል። የፊት እግር ላይ ክብደቱን ቀድሞ የጣለ ሰው ኳሷ ስትደርስ የሚቀረው ክንዱ ብቻ ነው፤ እግሩና ወገቡ ሥራቸውን ኳሷ ሳትመጣ ጨርሰዋል። እኔ ራሴ ስጀምር ለብዙ ወራት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ምቴ ደካማ የሆነው ክንዴ ስለሚደክም መስሎኝ ክንዴን ሳጠነክር ከረምሁ፣ ርቀቱ ግን አልጨመረም።

መቸኮል የሚያስከፍለው ዋጋ በቁጥርም ይታያል። ኳሷ ወደ መቺው ስትደርስ በሰከንድ ወደ ሰባት ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ ታች ትወርዳለች፤ ይህ ማለት በመቶኛ ሰከንድ ውስጥ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች ማለት ነው። የኳሷ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር አሥር ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንድ መቶኛ ሰከንድ የቀደመ ዱላ ኳሷን ከሥሯ ጭሯት ወደ ሰማይ ይሰድዳታል፤ አንድ መቶኛ ሰከንድ የዘገየ ደግሞ አናቷን መትቶ ሣር ለሣር ያንከባልላታል። ቀስ ብላ የምትመጣ ኳስ ለመምታት ቀላል ናት የሚለው ግምት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

መጠበቅ ሲባል ግን ደርቆ መቆም ማለት አይደለም፤ ደርቆ የቆመ ሰውነት በድንገት ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። እኛ የምንጠቀምበት ልማድ ይህ ነው፦ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ እስክትወጣ በሁለቱም እግር ላይ እኩል መቆም፤ ከፍታዋ ላይ ስትደርስ ክብደትን በዝግታ ወደ ኋላ እግር መሳብ፤ መውረድ ስትጀምር የፊት እግርን ከአንድ ጫማ ርዝመት በማይበልጥ እርምጃ ወደ ወርዋሪው ማሳረፍ። እግሩ ሲያርፍ እጆች ገና ከኋላ ትከሻ አጠገብ መቅረት አለባቸው። እግር ወደ ፊት ሄዶ እጅ ከኋላ ሲቀር፣ በወገብና በትከሻ መካከል እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ የሚወጠር ነገር ይሰማል፤ ያ ውጥረት ለስንዘራው የተጠራቀመ ጉልበት ነው።

ሁለተኛው መልስ ቅደም ተከተል ነው። ይህን ለማስረዳት ከቡሄ ጅራፍ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በልጅነቱ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጅራፉ የሚጮኸው ክንድ ሲፈጥን ሳይሆን ክንድ ፈጥኖ ሲገታ ነው፤ እጀታው ሲቆም ጉልበቱ ወደ ገመዱ ይተላለፋል፣ ገመዱ እየቀጠነ ሲሄድ ፍጥነቱ እያደገ ይመጣል፣ በመጨረሻም ጫፉ ከሁሉ ፈጥኖ አየሩን ይሰነጥቃል። የመቺው ሰውነትም በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። መጀመሪያ የኋላ እግር መሬቱን ይገፋል፤ ቀጥሎ ዳሌ ወደ ወርዋሪው ይዞራል፤ የፊት እግር ጠንክሮ ሲቆም ዳሌው ይገታና ዙረቱን ለደረት ያቀብላል፤ ደረት ለትከሻ፣ ትከሻ ለክንድ፣ ክንድ ለእጅ አንጓ፣ አንጓ ለዱላ። እያንዳንዱ የሚቀድመው እስኪገታ ይጠብቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነሡ፣ ወይም ክንድ ከዳሌ ከቀደመ፣ ጉልበቱ መንገድ ላይ ይባክናል።

የነርሲንግ ተማሪዋ ዱላ ስትሰነዝር ከጎን ቆሞ ያያት ሰው ይህን በግልጽ ያያል። የሱሪዋ መቀነት መያዣ ወደ ወርዋሪው ዞሮ ሲያበቃ የሸሚዟ ቁልፎች ገና ወደ ጎን ይመለከታሉ። ከዚያ በኋላ ደረቷ ይከተላል፣ ዱላዋም ከሁሉ ኋላ ተነሥቶ ከሁሉ በፊት ይደርሳል። ወዛደሩ ዘንድ ግን ዳሌ፣ ደረትና ክንድ እንደ አንድ በር አብረው ይዞሩ ነበር። ለወራት በቃል ያስረዳሁት ሁሉ አልገባው ብሎ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ኩንታል ከመሬት ሲያነሣ ከየት እንደሚጀምር ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ አሰበና፣ «መምህር፣ ኩንታል በክንድ አይነሣም እኮ፤ ጉልበትህን አጥፈህ ከእግርህ ነው። ይሄም እንደዚያ ነው በለኛ!» አለኝ። ያን ዕለት ጠዋት ከመታቸው ኳሶች ሁለቱ ዋርካው ሥር ደረሱ። በሥራው ላይ በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ሜዳ ላይ እንዲያደርገው ያልነገርሁት እኔ ስለ ነበርሁ፣ ጥፋቱን የአስተማሪው አድርጌ ይዤዋለሁ።

የገና ጨዋታ የተጫወቱ ልጆች ወደዚህ ጨዋታ ሲመጡ ይዘውት የሚመጡት ጥሩም መጥፎም ልማድ አለ። ጥሩው፣ በገና ሩሯን ለማራቅ ወገብን ማዞር ግድ ስለሆነ ሰውነታቸው ለዙረት እንግዳ አለመሆኑ ነው። መጥፎው፣ ሩሯ መሬት ላይ ስለምትገኝ የኋላ ትከሻቸውን አብዝተው ጥለው ከሥር ወደ ላይ የመዛቅ ልማድ ነው። በሶፍትቦል ኳሷ የምትገኘው በጉልበትና በደረት መካከል ነው፤ ትከሻ በጣም ሲወድቅ ዱላው ከኳሷ ሥር ያልፋል፣ ጭንቅላትም አብሮ ስለሚዘነብል ዓይን ኳሷን ይስታታል።

ይህ ዱላው በምን መንገድ መጓዝ እንዳለበት ወደሚለው ጉዳይ ያመጣናል። ኳሷ 30 ዲግሪ አዘቅዝቃ እንደምትመጣ ብለናል። ዱላው ፍጹም አግድም ቢሄድ ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ ለስሕተት ቦታ አይኖርም፤ ከላይ ወደ ታች ቢቆርጥ ደግሞ ይባሱን። ዱላው በመጨረሻው ክፍል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ቢያቀና በኳሷ መንገድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ግጭቱም የበለጠ ፊት ለፊት ይሆናል። ኳሷ ከዱላው ስትነሣ ከአግድሙ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ብትወጣ ሩቅ ትሄዳለች። በትምህርት ቤት 45 ዲግሪ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ 45 ዲግሪ ግን አየር በሌለበት ዓለም የሚሠራ መልስ ነው። አየር ባለበት ከፍ ብላ የወጣች ኳስ ሰበቃው ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛታል፤ ደግሞም ከመሐሏ ጥቂት ዝቅ ብሎ የተመታ ኳስ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ አየሩ ራሱ ያነሣዋል፣ በዝቅተኛ ማዕዘንም በአየር ላይ ይቆያል። «ጥቂት ዝቅ ብሎ» የሚለው ላይ አሰምርበታለሁ፤ ከአንድ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ርቀቱ ወደ ከፍታ ተለውጦ ይጠፋል።

ስለ አያያዝ አጭር ነገር ልበል። ዱላ በመዳፍ ሳይሆን በጣቶች ሥር ይያዛል፤ በመዳፍ የተጨበጠ ዱላ የእጅ አንጓን ያስራል። ብዙ ሰው ዱላውን አጥብቆ በያዘ ቁጥር ኳሷ የምትርቅ ይመስለዋል። ኳስና ዱላ ተነካክተው የሚቆዩት ግን አንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ እጅ ግጭቱን በሚሰማበት ጊዜ ኳሷ ሄዳለች። ጥብቅ አያያዝ በግጭቱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ክንድን አድርቆ ከግጭቱ በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ። አንዲት ወፍ ሳትሞት ሳትበርር እንደሚይዝ ሰው መያዝ ይበቃል።

ዱላውን በተመለከተ እኛ የከፈልነው ዋጋ ለሌሎች ትምህርት ይሆን ይሆናል። የሶፍትቦል ዱላ በደንቡ ርዝመቱ ከ86 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ5.7 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የስሎው ፒች ዱላዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ700 እስከ 850 ግራም ይመዝናሉ። እዚህ ገዝቶ ማግኘት ስለሚያስቸግር በመጀመሪያ በልኩ ከወይራ እንጨት አስቀረጽን። ጠንካራና የሚያምር ዱላ ወጣ፤ ክብደቱ ግን ከአንድ ኪሎ ከ200 ግራም በላይ ሆነ፣ ሁላችንም ኳሷ ካለፈች በኋላ የምንሰነዝር ሆንን። ቀጥሎ ከዋንዛ አስቀረጽን፤ እጅ ላይ ቀለለ፣ ፈጠነም፣ ነገር ግን እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኳሷ ያረፈችበት ሁሉ ጎደጎደ። ከባድ ዱላ ፍጥነቱ ካልቀነሰ ኳሷን ይበልጥ ያርቃል፤ የሰው ጉልበት ግን ገደብ ስላለው ከአንድ ልክ በላይ ሲከብድ የሚጠፋው ፍጥነት ከሚገኘው ክብደት ይበልጣል። ከክብደቱም በላይ ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ይወስናል፤ ጫፉ የከበደ ዱላ እጀታው ከከበደው እኩል ቢመዝንም እንኳ ለማዞር ይከብዳል። አሁን የምንጠቀምባቸው ሦስት ዱላዎች ከውጭ የመጡ ናቸው፤ በእንጨት የሚጫወቱ ሌሎች ካሉ ግን ስንጥቅ የጀመረ ዱላ ለአንድ ምት እንኳ እንዳይነሣ አደራ እላለሁ፣ ተሰብሮ የሚበርር እንጨት ሰው ይጎዳል።

በዱላው ላይ ኳሷ የምታርፍበት ቦታም የራሱ ነገር አለው። ከጫፉ ከ12 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ባለው ክፍል የተመታች ኳስ እጅን አትነዝርም፤ ከዚያ ወጥታ ወደ ጫፉ ወይም ወደ እጀታው ስትጠጋ ዱላው ይንቀጠቀጣል፣ ያ መነዘር ወደ ኳሷ መሄድ የነበረበት ጉልበት በዱላው ውስጥ መቅረቱን የሚናገር ነው። የት እንደምንመታ ለማወቅ ኳሷን በጠመኔ እንቀባታለን። ከአሥር ምት በኋላ ዱላው ላይ አሥር ነጭ ክብ ምልክቶች ይቀራሉ። የወዛደሩ ምልክቶች መጀመሪያ ላይ ከጫፍ እስከ እጀታ ተበታትነው ነበር፤ የነርሲንግ ተማሪዋ ምልክቶች ግን ተደራርበው አንድ ትልቅ ነጭ ጥፍጥፍ መስለዋል። ከጫፉ አካባቢ ምልክት የበዛበት ሰው ከኳሷ ርቆ ቆሟል፤ ወደ እጀታው የበዛበት ቀርቦ ቆሟል፤ የተበታተነበት ደግሞ ጭንቅላቱን እያንቀሳቀሰ ነው። ከዚህ ርካሽና ታማኝ መለኪያ አላየሁም።

ባሕር ዳር ላይ የሚጫወት ሰው አንድ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰበቃው ስለሚቀንስ አንድ ዓይነት ምት እዚህ ከመቶ አምስት ገደማ ይርቃል፤ በ1,600 ሜትር ላይ የምትገኘው የአሜሪካዋ ዴንቨር በቤዝቦል ረጃጅም ምቶች የምትታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ የተለካ ርቀት ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ከሰባ ሜትር ላይ ሦስት አራት ሜትር ለአየሩ መተው ይገባል።

የሐይቁ ነፋስም አለ። ረፋድ ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማዋ መንፈስ ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላም ይበረታል። እኛ ጀርባችንን ለሐይቁ ሰጥተን የምንመታው ነፋሱ ከኋላ እንዲሆንልን ብቻ አይደለም፤ ኳሷ ውኃ ውስጥ እንዳትገባም ነው። ብትገባ አትሰጥምም፤ ነገር ግን ቆዳዋ ውኃ ጠጥቶ ትከብዳለች፣ ያን ቀን ማንም ቢመታት አትርቅም። በክረምት ሣሩ እርጥብ ሲሆንም እንዲሁ ስለሆነ፣ የክረምት ርቀትን ከበጋ ርቀት ጋር አናወዳድርም።

ለልምምድ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። እኛ አንድ የሃያ ሊትር ጀሪካን አሸዋ ሞልተን፣ አፉ ላይ ወገብ የሚደርስ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ተክለን፣ ኳሷን በላዩ እናስቀምጣለን፤ ፊት ለፊት ደግሞ የተጣለ የዓሣ መረብ ደርበን በሁለት ዛፎች መካከል እንዘረጋለን። የቆመች ኳስ ቅደም ተከተልን ታስተምራለች፤ መጠበቅን ግን አታስተምርም። ለመጠበቅ የሚረዳው ልምምድ ሌላ ነው፤ ወርዋሪው አሥር ኳስ ይወረውራል፣ መቺው የመጀመሪያዎቹን አምስት ዱላውን ሳያነሣ በክብደቱና በእርምጃው ብቻ ይከተላቸዋል፣ ኳሷ ፊቱ ስትደርስም «አሁን» ይላል። ጀማሪ ሰው «አሁን» የሚለው ኳሷ ገና አንድ ሜትር ሲቀራት ነው። ድምፁና የኳሷ መድረስ አንድ ላይ እስኪገጥሙ ዱላ እንዲያነሣ አንፈቅድለትም፤ አንዳንዱ በአንድ ጠዋት ይገጥምለታል፣ ወዛደሩ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶበታል። በአንድ ጊዜ ከሠላሳ እስከ አርባ ምት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ወገብ ይደክማል፣ የደከመ ወገብም ሥራውን መልሶ ለክንድ ይተዋል።